የጋሼ እንዳላማው አንድ ውሸት

እንደምን ዋላችሁ። ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ፤ ምግቡ የትም አይሄድም። ርእሰ መምህራችን «ያለምወርቅ፣ አጭር ንግግር አድርጊ» ብለውኛል። አጭር ማለት ስንት ደቂቃ እንደሆነ ለሒሳብ መምህርት አለመንገር የእሳቸው ጥፋት ነው።

ጋሼ እንዳላማው መጀመሪያ የመጡ ዕለት እኔ እዚህ አልነበርኩም። የታሪክ መምህራችን አምሳሉ ያኔ እዚሁ ነበር፤ በየዓመቱ ስለሚያወራው ግን እኔም የነበርኩ ያህል ነው። ከደምበጫ በጭነት መኪና መጡ አለን፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው፣ በእጃቸው በሲባጎ የታሰረች ካርቶን። የዚያን ጊዜው ርእሰ መምህር መምህራኑን ሰብስበው «አዲሱ የባዮሎጂ መምህራችን ናቸው። እስቲ ስለራስዎ ትንሽ ይንገሩን» አሉ። ጋሼ ተነሡ፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቀንድ አውጣ ዝናብ ካጣ ለዓመታት ሊተኛ ይችላል። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ተኝተዋልና እንዳትቀሰቅሱብኝ» አሉ።

መምህራኑ ሁሉ ወደ ካርቶኗ ዞሩ። እሳቸው ግን ቀጠሉ። «ወደፊት ብዙ እነግራችኋለሁ። ከምነግራችሁ ሁሉ አንዱ ብቻ ውሸት ነው። የቱ እንደሆነ እናንተ ፈልጉ።» መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ። ርእሰ መምህሩ ወደ ጸሐፊያቸው ጎንበስ ብለው «የምደባ ደብዳቤውን በደንብ አይተሽዋል ግን?» አሉ ይባላል።

ይኸው እስከ ዛሬ ያንን አንድ ውሸት እየፈለግን ነው። ግራ እንደተጋባን ጡረታቸው ደረሰ። ሁላችሁም የምትጠረጥሩት አንድ አንድ አላችሁ፤ አጣርታችሁታልም። እኔ ግን አንዱን ፈርቼ ሳላጣራ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። እሱን እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ትንሽ እንሳቅባቸው።

ሻይ ሰዓት ላይ ያ መነጽር ከወለቀ በቃ፣ የዚያን ቀን ሰላማችን አለቀ ማለት ነው። «ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው።» «ቢራቢሮ የምትቀምሰው በእግሯ ነው።» «አንተነህ፣ የቀጭኔ አንገትና ያንተ አንገት የአጥንታቸው ቁጥር እኩል ነው።» የቤተ መጻሕፍታችን ሠራተኛ አንተነህ ምስኪን ሳምንቱን ሙሉ አንገቱን ሲዳብስ ሰነበተ። እኔን ደግሞ በቬነስ ያዙኝ። በራሷ ላይ አንዴ እስክትዞር ፀሐይን ዞራ ትጨርሳለች፤ ቀኗ ከዓመቷ ይረዝማል አሉኝ። ክፍል ገብቼ ስለ ክፍልፋይ እያስተማርኩ በልቤ ግን «ታዲያ እዚያ ጠዋት የተወለደ ልጅ ሳይመሽ ዓመት ሊሞላው ነው?» እላለሁ። ደግሞስ ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰው ያወለቁትን መነጽር የት እንዳስቀመጡት አያውቁም። ስንቴ ከጠመኔ ሳጥን ውስጥ አግኝቼ አምጥቼላቸዋለሁ።

«እውነት ነው?» ብትሏቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ሂድና እይ።» አምሳሉን አስታውሳለሁ። ክሊዮፓትራ የኖረችው ከታላቁ ፒራሚድ መሠራት ይልቅ ሰው ጨረቃ ላይ ለወጣበት ዘመን ቀርባ ነው ሲሉት ተቆጣ።

«የኔን ትምህርት ለኔው ሊያስተምሩኝ ነው?»

«ሂድና እይ።»

ሄደ፤ ዓመቱን ደመረ፣ ቀነሰ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። «ምን ሆነ?» አልነው። «ትቀርባለች» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ጮቄ ተራራ የወጣነውስ? ጅብራ የምትባለው የደጋ ተክል ብዙ ዓመት ቆይታ አንዴ ብቻ ታብብና ትሞታለች ብለውን፣ ይሄማ ውሸቱ ነው፣ ያዝናቸው ብለን በአንድ ሚኒባስ ተጭነን ሄድን። ብርዱ ጥርሳችንን እያንገጫገጨው ዳገቱን ስንወጣ አንድ አባት ከእርሻቸው ቀና ብለው «ምነው ልጆቼ፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አሉን። አምሳሉ ትንፋሽ አጥሮት «ውሸት ፍለጋ ነው አባባ» አላቸው። «ይህን ሁሉ ዳገት ለውሸት ወጣችሁ? ገበያ ብትወርዱ አታጡም ነበር እኮ» አሉን። ጅብራዋም አብባ የደረቀች ሆና ቆማ ጠበቀችን። ያም እውነት ነበር።

እንዲህ እያሉ አጣሪ አደረጉን። ተማሪዎቻችንም ተበላሽተዋል፤ እኔ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ቀመር «ቲቸር፣ ቆይ እስቲ ልየው» የሚለኝ ልጅ፣ ጋሼ፣ የእርስዎ ሥራ ነው።

አሁን ወደዚያ ወደፈራሁት ልምጣ።

እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ የመጀመሪያ ልጄ ክርስትና ሳይነሣ ሞተብኝ። ወደ ሥራ ስመለስ ሁላችሁም መልካም ሰዎች ናችሁና «ይበቃሻል፣ አታልቅሺ፣ እግዜር ሌላ ይሰጥሻል» አላችሁኝ። እኔ ግን ሌላ አልፈለግኩም፤ እሱን ነበር የምፈልገው። አንድ ቀን ቤተ ሙከራው ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ ጋሼ ገቡ። አጽናኝ ነገር ሊናገሩ ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያለምወርቅ፣ ልጅ በእናቱ ማሕፀን ሳለ ከሕዋሶቹ ጥቂቶቹ ወደ እናቱ ደም ያልፋሉ። ልጁ ቢኖርም ባይኖርም፣ እነሱ ከእናቱ አካል ውስጥ ለብዙ ዓመት ሊኖሩ ይችላሉ» አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው ወጡ።

«እውነት ነው?» ብዬ አልጠየቅኳቸውም። «ሂጂና እዪ» ቢሉኝስ? አይቼ ባጣውስ? ውሸቱ ይሄ ነው አልኩ በልቤ። ያን ሁሉ ዘመን ቆጥበው ያቆዩትን አንድ ውሸት ለእኔ አወጡልኝ አልኩ። ስለዚህ እናንተ ኦክቶፐስና ጅብራ ስትጠረጥሩ እኔ ዝም እላለሁ፤ ውሸቱን ያገኘሁ እኔ ነኝ ብዬ አስባለሁና። ውሸት መሆኑን እያመንኩ፣ ሌሊት ስነቃ ግን እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «አለህ ወይ?» እለው ነበር። ምኑን እንደማምን ለራሴም ግራ ነበር።

ይህን ንግግር አድርጊ ስባል ጨነቀኝ። ስለምን እንደማመሰግናቸው ሳላውቅ እንዴት ላመስግናቸው? ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አንተነህን ኮምፒውተር ክፈትልኝ አልኩት። ምን እንደምፈልግ አልነገርኩትም። ፈለግሁ፤ አነበብኩ፤ እንደገና አነበብኩ፤ ሌላም ሌላም ጋ አየሁ።

ጋሼ፣ እውነት ነው። ተመራማሪዎች ልጆቻቸው ጎልማሳ ከሆኑ እናቶች ደም ውስጥ ሳይቀር የልጆቹን ሕዋሶች አግኝተዋል። እርስዎማ ያውቁታል፤ ለእኔ ነው አዲስ የሆነው። እኔ ሊያባብሉኝ የዋሹኝ መስሎኝ ስወድዎት ኖርኩ፤ እርስዎ ግን አላባበሉኝም፤ እውነቱን ነግረውኝ ነው የወጡት። አንተነህ «ቲቸር፣ ምን ሆነሽ ነው?» ሲለኝ «አቧራ ነው» አልኩት።

እንግዲህ ውሸቱ የቱ እንደሆነ አሁን ከሁላችሁ ይልቅ ግራ የገባኝ እኔ ነኝ። አይንገሩን፤ ፈልገን እንሙት።

ብርጭቆ አንሡልኝ። ጋሼ እንዳላማው፣ ደምበጫ ሲመለሱ የሚያረቧቸው ንቦች ከቀፎ አይሽሹብዎ፤ ባለቤትዎ ወይዘሮ አመተ ማርያም ጤና ይሁኑልዎ፤ ጉልበትዎ ዳገት አይፍራ፤ መነጽርዎን የሚፈልግልዎ ሰው ከቤትዎ አይጥፋ። የሰው ሁሉ ብርጭቆ ለአንድ ሰው ይነሣል፤ የኔ ግን የሁለት ሰው ምስጋና ነው። እኔና ልጄ እናመሰግናለን።