ከሽፋኑ ሥር ያለው ማኅተም

የኑግ ዘይት መጭመቂያው ቤት ውስጥ፣ ሞተሩ እየዞረ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ የሺመቤትና የማሽኑን መመሪያ የጻፈው ኢንጂነር ዳኛቸው ማሽኑ አጠገብ ቆመዋል።

ዳኛቸው፦ እዚህ ደብዳቤ ላይ አንድ ማኅተም ነው እትዬ የሺመቤት። ይምቱልኝና ልሂድ፣ መኪናው እየጠበቀኝ ነው።

የሺመቤት፦ ደብዳቤው ምን ይላል? መነጽሬን ረስቻለሁ።

ዳኛቸው፦ ያው... አደጋው የደረሰው በሠራተኛዋ ጥንቃቄ ጉድለት ነው ይላል።

የሺመቤት፦ ሠራተኛዋ ስም የላትም?

ዳኛቸው፦ ትርሲት ተብላ ተጽፋለች። ልጅዎ መሆኗን አውቃለሁ፣ አዝኛለሁም። ግን መመሪያው ተሰጥቷታል፤ ማንበብ ነበረባት።

የሺመቤት፦ አንብባለች። ያው ግድግዳው ላይ ነው፤ እስቲ አንተም አንብብልኝ።

ዳኛቸው፦ «ሽፋኑን አትክፈቱ ሞተሩ ካልቆመ... ፋጉሎውን በእጅ አውጡ።» ይኸው።

የሺመቤት፦ የት ላይ ተነፈስክ?

ዳኛቸው፦ «ካልቆመ» ላይ።

የሺመቤት፦ ወረቀቱስ?

ዳኛቸው፦ ...ነጠላ ሰረዟ «አትክፈቱ» ላይ ነው ያለችው። ስጽፍ አምልጣኝ ነው፤ ትንሽ ነገር ናት።

የሺመቤት፦ እንደ ወረቀቱ አንብባት።

ዳኛቸው፦ «ሽፋኑን አትክፈቱ፣ ሞተሩ ካልቆመ ፋጉሎውን በእጅ አውጡ።»

የሺመቤት፦ አልቆመም፤ ዘይቱ የተጨመቀለትን ፋጉሎ በእጇ አወጣች። ሁለት ጣቷን እዚያው ትታ። ዳዊት የሚደግም ተማሪ እንኳ ማረፊያውን ሲስት መምህሩ ይመልሰዋል። አንተን ማን መለሰህ?

ዳኛቸው፦ እየዞረ ባለ ማሽን ውስጥ እጁን የሚከት ጤነኛ ሰው የለም እኮ።

የሺመቤት፦ ልጄ ጤነኛ አይደለችም በለኛ። እሱንም ጨምረህ ጻፈው።

ዳኛቸው፦ እርስዎ ጾመኛ፣ ቆራቢ ሰው ነዎት። ቂም ይይዛሉ እንዴ?

የሺመቤት፦ እየታገልኩት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የምታማትብበትን ጣት ነው ማሽኑ የበላብኝ።

ዳኛቸው፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማኅተሙን ግን...

የሺመቤት፦ እመታልሃለሁ። ሞተሩ ሳይነሳ እዚያ ከሽፋኑ ሥር፣ ፋጉሎው ላይ አስቀምጨዋለሁ። አውጣው።

ዳኛቸው፦ ሞተሩን ያጥፉልኛ።

የሺመቤት፦ ማጥፋት ወረቀትህ ላይ አለ?

ዳኛቸው፦ እጄን ይቆርጠዋል!

የሺመቤት፦ ጥንቃቄ አድርግ።

ዳኛቸው፦ እትዬ የሺመቤት፣ ስለ ማርያም።

የሺመቤት፦ ስሟን አትጥራ። ምነው ኢንጂነር፣ መኪናው እየጠበቀህ አይደል?

ዳኛቸው፦ ...እስክሪብቶ ይኖርዎታል?

የሺመቤት፦ እንካ። መጀመሪያ ከደብዳቤው ላይ የልጄን ስም አንሳ፤ ሰረዝህን ኋላ ታዛውራታለህ።