የሚከፈት ክዳን

የተከበራችሁ ቤተሰቦቿ፣ ጎረቤቶቿ፣ የፋብሪካችን ባልደረቦች፤ እግራችሁ ይባረክ። ሰው ፊት መናገር አልችልበትም። ታገሡኝ።

እኔ የብየዳ ክፍሉ ኃላፊ ነኝ። ዛሬ የምንቀብራት እህታችን መሐንዲሳችን ነበረች። ስሟን ስንቶቻችን ጠርተነው እናውቃለን? ለእኛ «ፍቱልኝ» ነበረች። የተበላሸ ነገር ባየች ቁጥር «ፍቱልኝ፣ ሆዱን ልየው» ትል ነበር።

ሠርግ ላይ ያደረገችውን ታስታውሳላችሁ? ሙሽሮቹ ሲገቡ ሰው ሁሉ እልል ይላል። እሷ ግን የተቀመጠችበትን ወንበር ገልብጣ በሙጫ ነው በብሎን የተሠራው ብላ ታያለች። ባለቤቷ የሚገባበት ጠፋው። እሷ ምን ገዷት!

ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ ግን ፈርቻለሁ።

የምንሠራውን የውሃ ፓምፕ ታውቁታላችሁ። ክዳኑ በብሎን ነው የሚታሰረው። ሲበላሽ ይፈታል፤ አንዲት የጎማ ቀለበት ተቀይራለት ሥራውን ይቀጥላል። ዘንድሮ ክዳኑ ይበየድ ተባለ። ቶሎ ያልቃል፣ ወጪም ይቀንሳል። ሲበላሽስ? ይጣላል፤ ሌላ ይገዛል።

እሷ እንዴት ዝም ትበል? ስብሰባ ላይ አንድ የተበየደ ፓምፕ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገች። ለሥራ አስኪያጃችን መፍቻ ሰጠቻቸውና «እስቲ ይፍቱልኝ» አለች። እሳቸው አገላበጡት። በየት በኩል ይፍቱት?

«ይህን ብረት ለማቅለጥ ስንት እሳት ነደደ? ለአንዲት ጎማ ብለን ልንጥለው ነው?» አለች። «ይታሰብበታል» ተባለች።

ሆስፒታል ልጠይቃት ስሄድ ስለ ሕመሟ አላወራችኝም። ክዳኑስ አለችኝ። እየታሰበበት ነው አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች።

«እንግዲያው ብሎኑን ትተውታል» አለች።

አልተሳሳተችም። ሰኞ ብየዳው ይጀመራል። ትእዛዙ የመጣው ለእኔ ነው። እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። ልጆች አሉኝ። እምቢ ብል ማን ያበላቸዋል? እሺ ብልስ፣ የጣልነው ብረት ሁሉ የሚከመረው እነሱ ደጅ አይደለም?

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እዚያ ከዛፉ ሥር ቆመዋል፤ አይቼዎታለሁ። በዚህ ሰዓት የሥራ ነገር ይወራል ወይ ይሉኝ ይሆናል። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቢሮዎ ገብቼ ለብቻዎ ልነግርዎ ብሞክር አንደበቴ ይታሰራል። ሰው እየሰማኝ ልናገረው፣ በኋላ እንዳላፈገፍግ። ሰኞ አልበይድም።

እህቴ፣ አንቺ ብትኖሪ ከኋላዬ ትቆሚ ነበር። አሁን ከኋላዬ ማን እንደቆመ ዞሬ ለማየት እፈራለሁ።

ደህና ሁኚ።