እትዬ መርፌና በስልክ የመጣችው ሐኪም

በምላሳቸው ስለት ደንበኞቻቸው ሁሉ «እትዬ መርፌ» ይሏቸው የነበሩት ውድ አክስታችን ከአናጢ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ተወልደው በእንክብካቤ አደጉ። መደበኛ ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ የልብስ ስፌት ሙያ ተምረው፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ የሙሽራ ልብስ ሲሰፉ ዕድሜያቸውን አሳልፈዋል። የአውቶቡስ ሾፌር የነበሩትን ባለቤታቸውንም ያወቁት የሸሚዝ ቁልፍ ሊያስተክሉ ብቅ ባሉ ጊዜ ሲሆን፣ በትዳር ተጣምረው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ቀናተኛ እንደነበሩ እዚህ የተቀመጥን ሁሉ እናውቃለን፤ ትኬት ቆራጯ ለባለቤታቸው ውሃ አቀበለች ብለው መንፈቅ ያኮረፉ ሴት ነበሩ።

ባለቤታቸው ጡረታ በወጡ ማግስት ስትሮክ መትቷቸው ምላሳቸው ሲታሰር፣ በአቅራቢያው የንግግር ሐኪም ባለመኖሩ በሌላ ከተማ ያለች ወጣት ባለሙያ በስልክ፣ በምስል እየተያዩ ታክማቸው ጀመር። እትዬ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈው ይወጡና ከበሩ ጀርባ ቆመው ያዳምጣሉ። ለእሳቸው በእጃቸው ብቻ የሚመልሱት ባለቤታቸው ለሐኪሟ ቃል እየፈለጉ ሲያወሩ፣ አልፎ ተርፎም ሲስቁ መስማት አንጀታቸውን አሳረረው። ባለቤታቸው ፀጉራቸውን ሳያበጥሩ ስልኩ ፊት አለመቅረባቸው ደግሞ ባሰ። እትዬ ኔትወርክ ጠፋ እያሉ የዘጉባት ቀንም ነበር፤ ሐኪሟ ግን ቅር ሳትሰኝ መልሳ ትደውላለች።

አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አልቆ ስልኩን ቀምተው፣ «ለእኔ የነፈገውን ላንቺ የሚሰጥሽ ምን አድርገሽለት ነው?» አሏት። ሐኪሟም፣ «ባለቤትዎ እኔ ፊት ቢሳሳቱ አያፍሩም፤ እርስዎ ፊት ግን ያፍራሉ። ዛሬ አጠገባቸው ይቀመጡልኝ» አለች። ተቀመጡ። ባለቤታቸው ላብ እስኪያጠምቃቸው ታግለው የእትዬን ስም ጠሩ፤ ግማሹን ውጠውታል፤ እትዬ ግን አቤት አሉ።

ከዚያ ወዲህ ልምምዱን አብረው ሠሩ። ቅናቱ ግን ጨርሶ አልለቀቃቸውም፤ ለሐኪሟ ሰፍተው የላኩላትን ቀሚስ እንኳ ሆን ብለው ከልኳ በላይ አስፍተውታል።

በኋላ እትዬ የጉበት ሕመም ጸንቶባቸው መድኃኒቱ እንዳልሠራላቸው በተረዱ ጊዜ፣ ባለቤታቸውን ከክፍሉ አስወጥተው ራሳቸው ለሐኪሟ ደወሉ። አጠገባቸው የነበረችው ታላቋ ልጃቸው እንደነገረችን፣ «እኔ ስሄድ ይሄ ሰው ዝም ይላል። መደወልሽን እንዳታቋርጪ። ካሳቅሽውም ይሳቅ፤ ፈቅጃለሁ» አሏት።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ትናንት ማለዳ ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩት እትዬ፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጃቸውንና ይህን ንባብ ከሩቅ በስልክ የምታዳምጠውን ሐኪም በሐዘን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውም መጽናናትን ከነቃሉ ይስጥልን።