ፀሐይ ላይ የተሰጣ ባትሪ ድንጋይ

ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ የነበሩ ሴትዮ አጠገባቸው የተቀመጡትን ሽማግሌ ነጋዴ ጠየቁ።

«ጋሼ፣ ለሬዲዮ የትኛው ባትሪ ድንጋይ ይሻላል?»

«አዲስ ከተገኘማ አዲሱ። ከጠፋ አሮጌውን ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ ነፍስ ይዘራል።»

«አስጥቼው ነበር። ዜናው ሳያልቅ ድምፁ ሰለለ።»

«የየት ፀሐይ ነው?»

«የጣርማ በር።»

«እሱ ደግሞ ፀሐይ ነው? የሮቢትን ይሙቅ እንጂ!»

«ጎረቤቴ ግን ጨው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው አለችኝ።»

«ወላሂ እንዳያደርጉት! ባቄላ መሰለዎት እንዴ?»

«ግራ ገባኝ እኮ። ነገ ልጄ ከጦር ግንባር በሬዲዮ ሰላምታ ያስተላልፋል አሉኝ። ስሜን ሲጠራ ድምፁ ቢሰልልብኝስ?»



የሟች ወንድሜን ሬዲዮ ጭኔ ላይ ይዤ ነበርና፣ ድንጋዮቹ ይሥሩ አይሥሩ ሳላውቅ፣ የኋላ ክዳኑን ከፈትኩት።