ታጥቦ የመጣ ሰሃን

ደህና አደርሽ ደስታነሽ? ባልዲሽን ከፊት አድርጊው፣ እኔ እከተልሻለሁ። የዛሬው ቦኖ ደግሞ ምን ነካው፣ ጠብ ጠብ ይላል... ይሁን፣ እስኪሞላ እንጫወታለን። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ እንዴት ደስ ይላል! እናቴማ ተሻላት፣ ተመስገን። ትናንት አጥር ጥግ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ ዋለች።

መቼም ለእሷ መዳን የማላመሰግነው ሰው የለም። አንዲት ጎረቤት አለችን አይደል... ስም ምን ያደርጋል፣ ደግ ሰው ስሙ ሲነሳ ያፍራል። ባሏ ለኮርስ ሞስኮ ሄዶ ሲመለስ ያንን የቀይ ፍሬ ጭማቂ፣ ክራንቤሪ የሚሉትን፣ በትልቅ ጠርሙስ ያመጣላት። ዞር አትበይ ደስታነሽ፣ ሰልፉ ውስጥ ማን እንዳለ እኔም አይቻለሁ።

በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ተነስታ ስታስተምረን አልነበርሽም እንዴ? ፍሬው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ተሕዋስያን ፊኛ ላይ እንዳይጣበቁ ያደርጋል፣ ሽንት ማቃጠል የሚመላለስባትን ሴት ይረዳል፣ ቅላቱ ራሱ ለልብና ለደም ሥር ሳይበጅ አይቀርም... ይህን ሁሉ ነገረችን። ጠርሙሱንም ከፍ አድርጋ አሳየችን። እኔ ከኋላ ተቀምጬ በማየት ብቻ ቀለል አለኝ።

እናቴ ያን ሰሞን ሽንቷ እያቃጠላት ስታቃስት ሰነበተች። ጭንቅ ምን አያስደርግም? ከሐይቁ ዳር ከአሞራ ገደል ዓሣ አስመጥቼ፣ ጠብሼ፣ አበባ ባለው ሰሃኔ ለዚያች ጎረቤታችን ላክሁላት፤ ለእናቴ ከጠርሙሱ አንድ ማንኪያ ብቻ ብዬ። የጎረቤት ሰሃን ባዶውን እንደማይመለስ መቼም ታውቂያለሽ፤ ሌላው ቢጠፋ ቆንጠር ጨው ጣል ይደረግበታል። የኔ ሰሃን ግን... ታጥቦ መጣ። እንዴት እንደሚያበራ ብታዪው፣ ፊቴን አየሁበት። ሳሙና በራሽን በሆነበት ዘመን የሰው ሰሃን እንዲህ አድርጎ የሚያጥብ ማን አለ?

ደግሞ ምክርም ልካልኛለች። «ይሄ ለመከላከል እንጂ ለያዘው አይሆንም፣ ጤና ጣቢያ ውሰጃት» አለች። እውነቷን ነው፤ ሐኪሙም እንደዚያው ብሎ ኪኒን አዘዘላት፣ ዳነች። እኛ ንፍገት የሚመስለን ነገር ለካ ሕክምና ኖሯል? እንግዲህ እንዳይመለስባት ትንሽ ትንሽ ብትወስድ ሊረዳት ይችላል ወይ ብዬ ሐኪሙን ብጠይቀው፣ ይችል ይሆናል አለኝ። ይሄን ለማንም አልተነፈስኩም... ላንቺ ብቻ ነው የማወራው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እሷ ግን እኛን እንዳይከብደን ብላ ሸክሙን ብቻዋን ቻለችው። እንዲህ ያለ ጎረቤት ከየት ይገኛል?

ባለፈው እሁድ የባሏ አለቆች መጡና ጠርሙሱ ተከፈተ አሉ። ፍሬው ያለ ስኳር አፍ እንደሚያጨማትር ሞስኮዎቹ ሳይነግሩት ቀሩ መሰል፣ እንግዶቹ አንድ ጊዜ ጎንጨት ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ታዲያ ከራሽን የተረፈ ስኳር አለሽ ወይ ብላ የላከችው ወደ ማን ይመስልሻል? ወደኔ። እኔም ያችኑ ሰሃን ሞልቼ ሰደድኩላት፤ ለጎረቤት ጭንቅ ካልሆነ ስኳር ለምን ይቀመጣል? ሰሃኔ እስካሁን አልተመለሰችም... እያጠበቻት ይሆናል።

በይ ባልዲሽ ሞላ፣ አንሺው። እኔ መቼም ለሰው ክፉ አልመኝም። እግዜር ጠርሙሷን አያጉድልባት፣ ዕድሜ ከጤና ይስጣት፣ ደጇን እንግዳ አይለየው። አይበለውና ከታመመችም፣ ልክ እንደ እሷ ያለ ጎረቤት አያሳጣት። አሜን በይ ደስታነሽ... ከኋላ ያላችሁም በሉ እንጂ።