የመገበሪያው ማሳ

በጥቅምት ወር ከቢቸና ወደ ሞጣ ስሄድ የተሳፈርንበት መኪና ጎማው ተነፈሰና ወረድን። ከመንገዱ ዳር አንድ ሽማግሌ ከስንዴ ማሳቸው ቆመው ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ከወጣቷ ባንቺዓለም ጋር ይሟገታሉ። ቀርቤ ባይ የድሮ ወዳጄ አያ ደምለው ኖረዋል።

«እንኳን እግዚአብሔር አመጣዎ፣ የኔታ! ይፍረዱኝ። ይች ልጅ የአባቴን ስእለት ልታስፈርሰኝ ነው» አሉ።

የዚህ ማሳ ስንዴ ከአባታቸው ጀምሮ ለኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን የቁርባን መገበሪያ ይገባል። ስለዚህም ማሳው ሌላ ዘር አይቶ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ከለምለሙ አዝመራ መካከል እዚህም እዚያም ያለጊዜው የነጣ አለ፤ ዛላውን ባሸው ፍሬ የለውም።

«የሰው ዐይን ነው» አሉ አያ ደምለው።

«እስኪ የነጣውን ይንቀሉት» አለች ባንቺዓለም። ያለ ትግል ወጣ፤ ሥሩ ጠቁሮ በስብሷል። «አረንጓዴውንስ?» እርሱ ታገላቸው፤ ሥሩ ነጭ ነው፣ ጓል አፈር ይዞ ወጣ። «አዩ አያ? ሥር የሚያበሰብስ ሻጋታ ነው። ከአምናው ቃርሚያ ጋር አፈር ውስጥ ይከርማል፤ በየዓመቱ ስንዴ ስንሰጠው ይበረታል።»

«ሻጋታ የማውቀው እንጀራ ላይ ነው። በይ መድኃኒቱን ርጪው!»

«ቅጠል ላይ የሚረጨው ሥር ድረስ አይወርድም። ሁለት ዓመት ባቄላ ይዝሩበት፤ የሚበላው ሲያጣ ይደክማል።»

«ባቄላ ይቆረብበታል እንዴ?»

ልጅቱ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን የሽማግሌውን ፍርሃት አልናቅሁትም፤ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ቃል ቀላል አይደለም።

«አያ ደምለው፣ አባትዎ የተሳሉት ማሳውን ነው ወይስ ስንዴውን?» አልኋቸው።

«ስንዴውን ነው፤ በየዓመቱ ሦስት ቁና።»

«እንግዲያስ የከርሞው ስንዴ ባቄላ ከቆየበት ከላይኛው ማሳዎ ይግባ። ምድር በሰባተኛው ዓመት ትረፍ ያለ አምላክ፣ ይህችን ማሳ ከስንዴ ስላሳረፉ አይቀየምም።»

በእጃቸው የቀረውን የበሰበሰ ሥር አገላብጠው አዩት። «እሺ፣ ባቄላ ይሁን» አሉ።

ሁለቱ የባቄላ ዓመታት አልፈው በዚያው መንገድ ስመለስ አውቄ ወረድሁ። ስንዴው በሌሎቹ ማሳዎች እየተፈራረቀ ስለተዘራ ሦስቱ ቁና አንድም ዓመት አልጎደለም። የዕረፍቱም ማሳ ዳግም ስንዴ ለብሶ ከዳር እስከ ዳር ለምልሟል፤ ነጭ ዛላ ከጥቂት በቀር አይታይም። ባለሙያዋ እንደ ነገረችኝ ባቄላው አፈሩንም አበርትቶታል።

«ባቄላ ባይቆረብበትም፣ የኔታ፣ ሁለት ዐቢይ ጾም ጾመንበታል» ብለው አያ ደምለው ሳቁ።

ከዚያም ጎንበስ ብለው አንዱን አገዳ ሳቡት። እምቢ አላቸው። ደግመው አልሳቡትም፤ አፈሩን በእጃቸው መልሰው ደለደሉለት።