ከወንበር እስክነሣ የወረደው ቅርጫት

የቃል ሰጪ ስም፦ ወ/ሮ ከፍያለች ወልደ አማኑኤል
ዕድሜ፦ 78
ዜግነት፦ ኢትዮጵያዊት
የቀድሞ ሥራ፦ የፊዚክስ መምህርት
አድራሻ፦ ጊዛ፣ ቡላቅ አል-ዳክሩር፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
በመርማሪው ትእዛዝ ቃሉን በአማርኛ የጻፈው፦ አስተርጓሚ አንተነህ መላኩ

በሕንጻችን ስለ እኔ የሚወራውን አስቀድሜ ላርም። ከፍያለች ከወንበሯ አትነሣም፣ የምትመሰክረውም ከሰው የሰማችውን ነው ይባላል። ሐሰት ነው። እነሣለሁ፤ የምነሣው ግን ቀስ ብዬ ነው። ቃሌ የቆመው በዚሁ ላይ ስለሆነ በትክክል ይጻፍልኝ።

ትናንት ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የጎረቤት ልጆችን የቤት ሥራ አርም ነበር። ከእኔ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ኑሀሚን አሥራት የተባለች የሀያ ሦስት ዓመት ወጣት ከጓደኛዋ ከቤቲ ጋር ተከራይታ ትኖራለች። ሸይኽ ዛይድ በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት ትሠራለች፤ ረቡዕ የዕረፍት ቀኗ ነው። ከታች አትክልት በጋሪ የሚሸጠው አም ሰብሪ ቆሞ ነበር። በሰፈራችን ለሽንኩርት ብሎ ደረጃ የሚወርድ የለም። ሰበት የሚሉትን ቅርጫት በገመድ ያወርዳሉ፣ ሻጩ ይሞላዋል፣ መልሰው ይጎትቱታል።

ኑሀሚን ቲማቲሙ ፈርጧል ብላ ከላይ ጮኸችበት። እሱም «ማሌሽ፣ ግድ የለም! ከአንቺ ጉንጭ ይልቅ የኔ ቲማቲም ይቀላል» አላት። «የቀላውማ አፍሮ ነው» ብላ መለሰችለት፤ ሁለቱም ሳቁ። ጭቅጭቅ ነበር፤ ጠብ አልነበረም። ከዚያ ድንችና ሽንኩርት የሞላው ቅርጫት በፊቴ አልፎ ወደ ላይ ሲወጣ አየሁና ወደ እርማቴ ተመለስኩ።

ጥቂት ቆይቶ ገመዱ የላይኛውን በረንዳ ብረት እየፋቀ ሲሮጥ ሰማሁ። ቀጥሎ ኑሀሚን በአማርኛ «ዞር በል! ዞር በል!» ብላ ጮኸች። ከድንጋጤ ዐረብኛው ጠፍቶባታል። እርሳሴን አስቀምጬ፣ የወንበሩን መደገፊያ ይዤ ተነሣሁ፤ ሁለት እርምጃ ተራምጄ የበረንዳዬን ብረት ያዝኩ። ቅርጫቱ በፊቴ ወደ ታች ያለፈው በዚያን ጊዜ ነው። አም ሰብሪ ትከሻ ላይ አረፈ። አጥንቱ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል፤ አዝኛለሁ።

አም ሰብሪ ግን ሰድባኝ፣ ሆን ብላ ወረወረችብኝ ብሎ ከሷል፤ ኑሀሚንም ከትናንት ጀምሮ እዚህ ፖሊስ ጣቢያ ተይዛለች። ይህ ከጸና ልጅቱ ተፈርዶባት ትታሰራለች፤ ከዚያም ከአገር ትባረራለች። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ቤቲ በሬን አንኳኩታ፣ «እትዬ፣ ገመዱ ሲያመልጣት አይቻለሁ ይበሉልን። ምን ይጎድልብዎታል?» አለችኝ።

«ያላየሁትን አልልም» አልኳት።

«ታዲያ ምን ሊሉ ነው የሚሄዱት?» ብላ አለቀሰች።

የኑሀሚንን እጅ አላየሁም። የማውቀው ይህን ነው። ከአራተኛው ፎቅ በረንዳ እስከ መሬት አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ነው። የተለቀቀ ዕቃ ፍጥነቱ በየሰከንዱ፣ በሰከንድ አሥር ሜትር ያህል እየጨመረ ይወርዳል። አሥራ ሁለት ሜትር ለመጨረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ይበቃዋል፤ ወደ ታች ከተወረወረ ከዚያም ያንሳል። እኔ ደግሞ በአንድ ሰከንድ ተኩል ከወንበር አልነሣም።

መርማሪው «ያዕኒ፣ ማለትም ማስረጃው የእርስዎ እርጅና ነው?» ብሎ ሳቀ።

«አዎ፣ ልጄ። ለካው» አልኩት።

የፕላስቲክ ወንበር ከጠረጴዛው ሁለት እርምጃ አርቆ አስቀመጠና የስልኩን ሰዓት ከፈተ። ሦስት ጊዜ ተነሣሁ። ያጠረው አራት ሰከንድ ሆነ። የረዘመው ለኑሀሚን ስለሚያደላ አልወሰድኩትም። በፊቴ ሲያልፍ ቅርጫቱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበር፤ መሬት ደርሷል ብለን አሥራ ሁለቱን ሜትር በአራት ሰከንድ ብንቆጥርለት እንኳ፣ የፍጥነቱ ጭማሪ በአሥር ፈንታ አንድ ተኩል ብቻ ነው። ቅርጫት ራሱን አይዝም፤ የያዘው ገመዱ ነው፣ ገመዱን የያዘው ደግሞ እጅ ነው።

መርማሪው «ጮኻ ቆይታ ወርውራው ቢሆንስ?» አለ። ጩኸቱ ሁለተኛ ነው፤ የገመዱ ሩጫ ቀድሟል አልኩት። በፊቴ ሲያልፍ ፍጥነቱ ስንት እንደነበረ ግን አላውቅም፤ ዐይኔ አይለካም።

እንዲህ ያለ ጭነት የያዘ ገመድ በመዳፍ ውስጥ ከሮጠ ቆዳውን ሳይልጠው አይቀርም። ስለዚህ እጇ ይታይልኝ አልኩ። ኑሀሚን ከማረፊያ ክፍል መጣች፤ ሁለት እጇን ጨብጣለች። መርማሪው በዐረብኛ ክፈቺ ሲላት ይበልጥ ጨበጠቻቸው። እኔ «ዘርጊው፣ ልጄ» ስላት ዘረጋችው። ሁለቱም መዳፎቿ በገመዱ ስፋት ተልጠዋል።

«ለምን አላሳየሽም?» አልኳት።

«ማን ጠየቀኝ፣ እትዬ?»

መርማሪው ሳቁን ትቶ ሐኪም እንዲያያት አዘዘ። ስለ መፈታቷ እስካሁን የተናገረው የለም።

ይህ ቃል ተነብቦልኛል። ያየሁትን አይቻለሁ፣ የሰማሁትን ሰምቻለሁ፣ ያሰላሁትን አስልቻለሁ ብዬ አስጽፌአለሁ፤ አንዱን በሌላው ቦታ አላስገባሁም። ሐሰት ቢገኝበት እጠየቅበታለሁ።

ነገ ብፈለግ የት እንደምገኝ ተጠይቄአለሁ። ጠዋት መጀመሪያ ሆስፒታል ሄጄ፣ «ዞር በል» ማለት ስድብ አለመሆኑን ለአም ሰብሪ በራሴ ዐረብኛ እነግረዋለሁ። ከዚያ ለኑሀሚን መዳፍ ቅባት ገዝቼ እዚሁ እመጣለሁ። ከፈቷት አብረን ወደ ቤት ሄደን፣ ዳግመኛ እንዳይሮጥ ገመዱ ላይ በየአንድ ክንድ ርቀት ቋጠሮ እንቋጥራለን። ካልፈቷት ወንበር ይሰጠኝ፤ እጠብቃለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ከፍያለች ወልደ አማኑኤል
የአስተርጓሚ ፊርማ፦ አንተነህ መላኩ
የመርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)